ፋየርወል፣ አንቲቫይረስና የኢንተርኔት ስልክ፦ ጥሪ የሚጠለፈው የት ላይ ነው?

በደቡብ ወሎ፣ ከሐይቅ ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ በተራሮች መካከል የሚገኘው የአርዲቦ ሐይቅ ዳርቻ ስለ ኢንተርኔት በሚወጣ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀስ ስፍራ አይመስልም። ይሁን እንጂ በዚያ አካባቢ፣ እንደ ብዙው የወሎ ገጠር ሁሉ፣ ልጃቸውን ወይም እህታቸውን ወደ ጅዳ፣ ወደ ሪያድ ወይም ወደ ቤይሩት የሸኙ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ቀደም ባለው ዘመን ናፍቆት በደብዳቤ፣ ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ በካሴት ተቀድቶ ይላክ ነበር። ዛሬ ቦታውን የኢሞ፣ የዋትስአፕና የቴሌግራም ጥሪ ወስዶታል። የተከለከለ ደመወዝ፣ ሕመም፣ የእጮኛ ጉዳይ፣ ገንዘብ የተላከበት የምስጢር ቁጥር፣ ሁሉም በዚያው መስመር ይነገራል።

ተማሪዎች ስለዚህ ነገር ደጋግመው የሚጠይቁን «የኢንተርኔት ጥሪ ይጠለፋል ወይ?» እያሉ ነው። እኛ ጥያቄውን ጥቂት ለወጥ አድርገን ማቅረብ እንመርጣለን። የሚጠለፍ ከሆነ የሚጠለፈው የት ላይ ነው? በመንገድ ላይ ወይስ በቤት ውስጥ? መልሱን ለማግኘት በቅድሚያ ድምፅ ከአፍ ወጥቶ ጆሮ እስኪደርስ የሚጓዝበትን መንገድ፣ ቀጥሎም በኮምፒውተር ደጃፍ የሚቆሙትን ሁለት ጠባቂዎች፣ ማለትም ፋየርወልንና አንቲቫይረስን፣ እንመረምራለን። ከዚያም ሁለቱን ጠባቂዎች አልፎ በአንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ቤት ገብቷል ስለተባለ ፕሮግራም እናነሣለን። ጽሑፋችን በአብዛኛው ስለ ቤት ኮምፒውተር ቢናገርም በኪስ የሚያዘው ስልክም በመሠረቱ ትንሽ ኮምፒውተር መሆኑን ልብ ይሏል።

ድምፅ እንዴት ቁጥር ይሆናል?

የሰው ድምፅ የአየር ግፊት መዋዠቅ ነው። ማይክሮፎን ይህን መዋዠቅ ወደ ኤሌክትሪክ ቮልቴጅ ይለውጠዋል። የስልክ መሐንዲሶች ንግግርን ለመረዳት ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለው የድምፅ ክልል እንደሚበቃ ከወሰኑ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። በናይኲስት ሕግ መሠረት አንድን ሞገድ ሳያጎድሉ ለመመዝገብ ከከፍተኛው ድግግሞሹ ከእጥፍ በላይ በሆነ ፍጥነት መለካት ያስፈልጋል። ስለሆነም ከፍተኛው ድግግሞሽ ወደ 4000 ኸርዝ ከፍ ተደርጎ ተይዞ፣ ቮልቴጁ በሰከንድ 8000 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልኬት በ8 ቢት ይጻፋል። 8000 በ8 ሲባዛ በሰከንድ 64,000 ቢት ይሆናል።

ይህ የቁጥር ጅረት እንዳለ አይላክም። በ20 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም በአንድ ሰከንድ ሃምሳኛ፣ እየተቆረጠ በፓኬት ይታሸጋል። በእያንዳንዱ ፓኬት ውስጥ 160 ባይት ድምፅ ይኖራል። በላዩም የላኪና የተቀባይ አድራሻ፣ የፖርት ቁጥር፣ የቅደም ተከተል ቁጥርና ሰዓት ይጻፍበታል፤ ይህ ማሸጊያ በድምሩ 40 ባይት ነው። እንግዲህ አንድ ፓኬት 200 ባይት፣ በሰከንድ 50 ፓኬት፣ በድምሩ በሰከንድ 80,000 ቢት መሆኑ ነው። በስልክ መስመር የሚሠራው የድሮው ሞደም ቢበዛ በሰከንድ 56,000 ቢት ስለነበረው ይህን ሊሸከም አይችልም ነበር። መፍትሔው ድምፁን መጭመቅ ሆነ። ጂ-729 የተባለው የመጭመቂያ ዘዴ የ20 ሚሊሰከንድ ንግግርን በ20 ባይት ብቻ ይጽፈዋል። ማሸጊያው ግን ያው 40 ባይት ነው፤ ከደብዳቤው ፖስታው ይከብዳል ማለት ነው! ቢሆንም ጠቅላላው በሰከንድ 24,000 ቢት ስለሚሆን በሞደሙ ሊያልፍ ይችላል። አንባቢ ይህን የ20 ባይት ቁጥር እንዲያስታውሰው እናሳስባለን፤ ኋላ ይጠቅመናል።

የድምፅ ፓኬቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚላኩት የጠፋውን መልሶ በማያስልክ ዘዴ ነው። አንድ የጽሑፍ ፋይል ሲላክ አንዲት ባይት ብትጎድል ፋይሉ ይበላሻልና መልሶ ማስላክ ተገቢ ነው። በንግግር ግን ዘግይቶ የመጣ ፓኬት ሠርጉ ካለፈ በኋላ እንደደረሰ አዝማሪ ነው፤ ቢመጣም አያገለግልም። በጥሪ መሐል የምንሰማው መቆራረጥ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው እንጂ የሰላይ ምልክት አይደለም።

መዘግየትም የራሱ ፊዚክስ አለው። ኢትዮጵያ ከኢንተርኔት ጋር በተገናኘችበት በ1997 እ.ኤ.አ. እና በተከታዮቹ ዓመታት ግንኙነቱ በሳተላይት ነበር። ከምድር ጋር እኩል የሚዞር ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ይገኛል። ወጥቶ ለመውረድ ብቻ ወደ 72,000 ኪሎ ሜትር ስለሚሆን፣ በብርሃን ፍጥነት እንኳ ሩብ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል፤ መልሱ እስኪመጣ ደግሞ ሌላ ሩብ ሰከንድ። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለመልካም ንግግር የሚመክረው የአንድ አቅጣጫ መዘግየት ከ150 ሚሊሰከንድ እንዳይበልጥ ነው። በውጭ አገር በተማርንባቸው ዓመታት ወደ አገር ቤት ስንደውል ሁለታችንም እኩል «ሃሎ» ብለን እኩል ዝም የምንልበት ምክንያት ይህ ነበር። በመስታወት ገመድ ውስጥ ብርሃን በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ 10,000 ኪሎ ሜትር የሚሆን የባሕር ሥር ኬብል እንኳ 50 ሚሊሰከንድ ብቻ ይጨምራል።

በር ጠባቂው

ፋየርወል የሚለው ስም የመጣው ከሕንፃ ሥራ ነው፤ ከአንዱ ክፍል የተነሣ እሳት ወደ ሌላው እንዳይዛመት የሚሠራ ግንብ ማለት ነው። በኮምፒውተር ዘንድ ግን ግንብ ከማለት በር ጠባቂ ማለቱ ይቀርበዋል። አንድ ኮምፒውተር ከ0 እስከ 65,535 የተቆጠሩ ፖርቶች፣ ማለትም መግቢያ በሮች፣ አሉት። ድረ ገጾች በ80ኛውና በ443ኛው፣ የዊንዶውስ የፋይል መጋራት በ445ኛው በር ይስተናገዳሉ። ክፍት በር ሁሉ አደጋ አይደለም፤ አደጋው ከበሩ በስተኋላ ተቀምጦ የሚያዳምጠው ፕሮግራም ስሕተት ሲኖርበት ነው።

በነሐሴ ወር 2003 እ.ኤ.አ. የተሠራጨው «ብላስተር» የተባለ ትል በ135ኛው በር እየገባ በርካታ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን አጠቃ። ባለቤቶቹ ምንም አልከፈቱም፣ ምንም አልተጫኑም፤ ከኢንተርኔት ጋር መገናኘታቸው ብቻ በቂ ነበር። ማይክሮሶፍት በዓመቱ፣ በነሐሴ 2004 እ.ኤ.አ.፣ ባወጣው የዊንዶውስ ኤክስፒ ማሻሻያ ፋየርወሉ ከመጀመሪያው በርቶ እንዲመጣ አደረገ። በግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. «ዋናክራይ» የተባለው ፋይል ቆላፊ ትል በ445ኛው በር ሲገባ፣ ስሕተቱን የሚደፍነው ማሻሻያ ከወጣ ሁለት ወር ሆኖት ነበር።

የዛሬ ፋየርወል ማስታወሻ ይይዛል። ከቤት የወጣውን እያንዳንዱን ጥያቄ ይመዘግባል፤ ከውጭ የመጣው ፓኬት ለወጣ ጥያቄ መልስ ከሆነ ያሳልፈዋል፣ ካልሆነ ይጥለዋል። እዚህ ላይ ከኢንተርኔት ስልክ ጋር ይጋጫል። የስልክ ጥሪ ማለት በጠባዩ ሳይጠራ የሚመጣ እንግዳ ነውና! እናት ጥያቄ አላወጣችም፤ ልጅቷ ናት የደወለችው። የልጅቷም ቤት እንዲሁ በፋየርወል የተዘጋ ነው። ታዲያ ሁለት የተዘጉ ቤቶች እንዴት ይነጋገራሉ?

ዘዴው ብልኃት የተሞላበት ነው። ሁለቱም ፕሮግራሞች አስቀድመው ከአንድ አማካይ ሰርቨር ጋር ግንኙነት ይፈጥራሉ። ጥሪ ሲመጣ አማካዩ ለእያንዳንዳቸው የሌላውን አድራሻና የበር ቁጥር ይነግራቸዋል። ከዚያም ሁለቱም በአንድ ጊዜ ወደ ውጭ፣ አንዱ ወደ ሌላው፣ ፓኬት ይልካሉ። የእናት ፋየርወል «የኛ ሰው ወደዚያ አድራሻ ልኳል» ብሎ ይመዘግባል፤ የልጅቷም እንዲሁ። የልጅቷ ፓኬት በእናት ደጅ ሲደርስ እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ተጠበቀ መልስ ይቆጠራል። ይህ ዘዴ የማይሠራበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ድምፁ በሙሉ በአማካዩ ሰርቨር በኩል እየዞረ ያልፋል። «ፋየርወሉን ካላጠፋሁት ጥሪው አይሠራም» እያሉ ጠባቂውን የሚያሰናብቱ ሰዎች ጉዳዩን ሳያጣሩ ነው። ለአንዱ ፕሮግራም ፈቃድ መስጠት ይበቃል።

ሆኖም የፋየርወል ዓይን የተወሰነ መሆኑን መረዳት ያሻል። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴቶች አይገቡም። እንዲህ ያለውን ሥርዓት በር ላይ የቆመ ሰው በዓይኑ አይቶ ሊያስከብር ይችላል፤ የገቢውን ሐሳብ ግን በዓይን ማየት አይቻልም። ተራው የቤት ፋየርወልም የሚያየው አድራሻና የበር ቁጥር ነው። ከዚህም በላይ አብዛኛው የቤት ፋየርወል የሚጠነቀቀው ለሚገባው ነው፤ ከውስጥ የሚወጣውን ያለ ብዙ ጥያቄ ያሳልፋል። ይህን ልማዱን ሰላዮች ጠንቅቀው ያውቁታል።

ይኸው መሣሪያ አንድን ቤት ሳይሆን አንድን አገር ለመዝጋትም ይውላል። በግንቦት 2012 እ.ኤ.አ. ማንነትን ደብቆ ኢንተርኔት ለመጠቀም የሚያገለግለው ቶር በኢትዮጵያ ታግዶ ነበር። እገዳው በአድራሻ ሳይሆን የፓኬቶቹን ውስጥ መርምሮ፣ ቶር ግንኙነት ሲጀምር የሚያሳየውን ልዩ ሰላምታ በመለየት የተፈጸመ መሆኑ ያን ጊዜ በባለሙያዎች ተረጋግጧል። በሕግም በኩል አዋጅ ቁጥር 281/1994 በኢንተርኔት የድምፅና የፋክስ አገልግሎት መጠቀምንም ሆነ መስጠትን ከልክሎ ነበር። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ሲወጣ «ስካይፕ መጠቀም ሊያሳስር ነው» የሚል ስጋት በዓለም ዜና ማሰራጫዎች ጭምር ተሰማ፤ መንግሥት በበኩሉ ዒላማው የውጭ አገር ጥሪን ከሕጋዊው መስመር ውጭ የሚያሳልፉ ነጋዴዎች እንጂ ስካይፕ ተጠቃሚዎች አይደሉም ሲል መለሰ። በኋላ የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የዘርፉን ሕግ እንደ አዲስ አደራጅቶ ራሱን የቻለ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን አቋቋመ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት በተቋረጠበት ጊዜ ደግሞ ጉዳዩ ከፋየርወልም ከአንቲቫይረስም ውጭ ነበር፤ መንገድ ከሌለ ስለ መንገድ ጥበቃ መነጋገር አይቻልም።

አንቲቫይረስ የሚያውቀውና የማያውቀው

ሁለተኛው ጠባቂ በቤት ውስጥ እየተዘዋወረ ፋይል የሚፈትሽ ነው። ዋናው ዘዴው ቀላል ነው፦ የታወቁ ቫይረሶችን መለያ በመዝገብ ይዞ፣ እያንዳንዱን ፋይል ከመዝገቡ ጋር ያስተያያል። በፖሊስ ጣቢያ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የተፈላጊዎች ፎቶግራፍ አድርገን ልናስበው እንችላለን። ፎቶው ያልተለጠፈ ሌባ ሰላምታ ሰጥቶ ያልፋል። መዝገቡ በየቀኑ የማይታደስ አንቲቫይረስ በስክሪኑ ጥግ ያለች ምልክት ከመሆን የዘለለ ጥቅም የለውም ብንል አላጋነንንም።

በአገራችን ኢንተርኔት ውድና ቀርፋፋ በነበረበት ዘመን ቫይረስ በብዛት የሚጓዘው በፍላሽ ዲስክ ነበር። ዊንዶውስ ፍላሽ ሲሰካ በውስጡ ያለውን ፕሮግራም በራሱ የማስጀመር ልማድ ስለነበረው ሌላ እርዳታ አያስፈልገውም ነበር፤ ማይክሮሶፍት ይህን ልማድ በየካቲት 2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማሻሻያ በቆዩት የዊንዶውስ ዓይነቶች ላይ አስቀረው። የሥርጭቱን መንገድ ለመረዳት ወደ አርዲቦ መመለስ ይጠቅማል። አርዲቦ ከፍ ብሎ የሚገኝ ሐይቅ ነው፤ ከእርሱ የሚወጣው ወንዝ ቁልቁል ወርዶ የእስጢፋኖስ ገዳም ካለበት ከታችኛው ሐይቅ ይገባል። ከታችኛው ሐይቅ ግን በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለም። በላይኛው ውኃ የሟሟ ነገር ሁሉ ወደ ታችኛው ይወርዳል፣ እዚያም ይከማቻል። በየዩኒቨርሲቲው ደጅ ያለ የፎቶ ኮፒና የኅትመት ቤት ኮምፒውተር ላይኛው ሐይቅ ነው። የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ሊያሳትሙ የሚሰለፉት ተማሪዎች ፍላሽ ወንዙ ነው፤ የየቤቱ ኮምፒውተር ደግሞ መውጫ የሌለው ታችኛው ሐይቅ። የታችኛውን ብቻ ማጥራት ለምን እንደማይዘልቅ ከዚህ ግልጽ ይመስለናል።

አንቲቫይረስ ሠሪዎች ቢበረቱ አንድ ቀን ሁሉንም ቫይረስ የሚለይ ፕሮግራም ሊሠሩ ይችላሉን? አይችሉም። ይህን የምንለው ስለ ሰዎቹ ድክመት ሳይሆን በሒሳብ የተረጋገጠ ስለሆነ ነው። ፍሬድ ኮኸን የተባለው አሜሪካዊ የኮምፒውተር ሳይንቲስት በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ያቀረበው ማረጋገጫ አጭርና ውብ በመሆኑ እዚህ ልናወጋው ወደድን።

እንበልና ማንኛውንም ፕሮግራም ተቀብሎ «ቫይረስ ነው» ወይም «ቫይረስ አይደለም» የሚል፣ ፈጽሞ የማይሳሳት «መርማሪ» ተሠራ። አንድ ተንኮለኛ ተማሪ ደግሞ «ተቃራኒ» የተባለ ፕሮግራም ይጽፋል። ተቃራኒ ሥራውን የሚጀምረው መርማሪውን ስለ ራሱ፣ ስለ ተቃራኒ፣ በመጠየቅ ነው። መርማሪው «ቫይረስ ነው» ካለ ተቃራኒ ምንም ሳያደርግ ይዘጋል። «አይደለም» ካለ ራሱን በሌሎች ፋይሎች ላይ ያባዛል። አሁን የመርማሪውን ፍርድ እንመልከት። «ቫይረስ ነው» ቢል ተቃራኒ ምንም አላደረገምና ተሳሳተ፤ «አይደለም» ቢል ተቃራኒ ተባዝቷልና ተሳሳተ። የማይሳሳት መርማሪ አለ ብለን ብንነሣ ከቅራኔ ላይ ደረስን፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ መርማሪ ሊኖር አይችልም። አለን ቱሪንግ በ1936 እ.ኤ.አ. አንድ ፕሮግራም ይቆማል ወይስ አይቆምም የሚለውን ለሁሉም የሚመልስ ስልት እንደሌለ ያሳየበትን መንገድ የሚያውቁ ተማሪዎች ዝምድናውን ወዲያው ያስተውላሉ።

በመሆኑም አንቲቫይረሶች ከመዝገቡ ባሻገር በጠባይ ይገምታሉ፤ ሳይጠየቅ ማይክሮፎን የሚከፍት፣ ራሱን በሌላ ስም የሚያስቀምጥ፣ የቁልፍ ሰሌዳን የሚያዳምጥ ፕሮግራም ሲያዩ ይጮኻሉ። ግምት ግን ግምት ነው። ንጹሑንም አንዳንድ ጊዜ ይወነጅላል። የስለላ ፕሮግራም ሠሪም ምርቱን ከመሸጡ በፊት በገበያ ላይ ባሉት አንቲቫይረሶች ሁሉ ሊፈትነው ይችላል። ቀጥሎ የምናነሣው የ«ፊንስፓይ» ሠሪ ይህንኑ ያደርግ እንደነበር በ2014 እ.ኤ.አ. አፈትልከው የወጡ የኩባንያው ሰነዶች አሳይተዋል።

በሜሪላንድ የሚገኝ አንድ የቤት ኮምፒውተር

በየካቲት 2014 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን ከተማ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት አንድ ክስ ተመሠረተ። ከሳሹ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ፣ ነዋሪነታቸውም በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በአገር ቤት ያሉ ዘመዶቻቸው እንዳይጎዱ በመስጋት «ኪዳኔ» በሚል የብዕር ስም እንዲከራከሩ ፍርድ ቤቱ ፈቀደ። ክሱን ያገዘው ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የተባለው የዲጂታል መብቶች ድርጅት ነው። ተከሳሹ የኢትዮጵያ መንግሥት ነበር።

በክሱ እንደተገለጸው አቶ ኪዳኔ ከሚያውቁት ሰው በኢሜይል የደረሳቸውን የወርድ ሰነድ ከፈቱ። ሰነዱ ያ ሰው ራሱ የጻፈው አልነበረም፤ ከሌላ ደርሶት ያስተላለፈው ነው። በውስጡ ፊንስፓይ የተባለ፣ ለመንግሥታት ብቻ ይሸጣል የሚባል የስለላ ፕሮግራም ተደብቆ ነበር። ፕሮግራሙ ከ2012 እ.ኤ.አ. መገባደጃ ጀምሮ ለወራት በኮምፒውተሩ ተቀምጦ የስካይፕ ጥሪዎችን ቀዳ፤ ኢሜይልና የቤተሰቡን የኢንተርኔት አጠቃቀም መዘገበ፤ የሰበሰበውንም በኢትዮጵያ ወደሚገኝ ሰርቨር ላከ ይላል ክሱ። በመጋቢት 2013 እ.ኤ.አ. የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ ይህን ሰርቨር የጠቀሰ ጥናት አወጣ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ፕሮግራሙ ራሱን ከኮምፒውተሩ ለማጥፋት ሞከረ፤ ነገር ግን ሥራውን ስላልጨረሰ ዱካው ቀረ። ክሱ የተመሠረተው በዚያ ዱካ ላይ ነበር።

ሦስቱ መከላከያዎች እንዴት እንደታለፉ እንመልከት። ፋየርወሉ ሰነዱን አላገደም፤ ኢሜይሉን ያመጣው ባለቤቱ ራሱ ጠይቆ ነውና። ወደ ውጭ የሚላከውንም አላገደም፤ ወደ ውጭ የሚሄደውን አይጠይቅምና። አንቲቫይረሱ ፎቶው በግድግዳው ላይ ያልነበረን ሰው ሊይዝ አልቻለም። ሦስተኛውና ለፊዚክስ ተማሪ ይበልጥ አስደናቂው ምስጠራው ነው። የስካይፕ ጥሪ በመንገድ ላይ የተመሰጠረ ነበር፤ መሐል ላይ ኬብሉን የቀጠፈ ሰው የሚያገኘው ትርጉም የለሽ የቁጥር ክምር ነው። ነገር ግን ድምፅ ከመመስጠሩ በፊት ድምፅ ነው። ከማይክሮፎኑ ተነሥቶ ስካይፕ ዘንድ እስኪደርስ ባለው ርቀት፣ ተፈትቶ ወደ ድምፅ ማጉያው በሚሄድበትም መስመር፣ ማንኛውም ሰው ሊሰማው የሚችል ንግግር ነው። የሰው ጉሮሮና ጆሮ ምስጢራዊ ቁልፍ አያውቁም። ፊንስፓይ የቆመው በዚያች ጥቂት ሴንቲ ሜትር ላይ ነበር።

ባለቤቱ የኢንተርኔት ፍጥነት መቀነሱን እንኳ ላያስተውል ይችላል። እንዲያስታውሱት ያሳሰብነውን ቁጥር እናንሣ። በ20 ሚሊሰከንድ 20 ባይት ማለት በሰከንድ 1000 ባይት ነው። የአንድ ሰዓት ንግግር 3.6 ሚሊዮን ባይት ይሆናል፤ ይህም ከአንድ ጥራት ያለው ፎቶግራፍ መጠን ብዙም አይበልጥም። ባለቤቱ ተኝቶ ሳለ በደቂቃዎች ውስጥ ይላካል።

ፍርዱ በ2016 እ.ኤ.አ. በመጀመሪያ ደረጃ፣ በመጋቢት 2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ በይግባኝ በከሳሹ ላይ ወጣ። ፍርድ ቤቱ ስለላው ተፈጽሟል ወይም አልተፈጸመም አላለም። የአሜሪካ ሕግ የውጭ መንግሥትን በእንዲህ ያለ በደል ለመክሰስ የሚፈቅደው በደሉ በሙሉ በአሜሪካ ምድር የተፈጸመ ሲሆን ነው፤ ከውጭ አገር የታቀደና የተላለፈ በመሆኑ ክሱን ማየት አንችልም አለ። በእኛ አስተያየት እዚህ ላይ ሕጉ ከፓኬቱ ኋላ ቀርቷል። እጁን ከአንድ አገር ዘርግቶ በሌላ አገር ቤት ኪስ የሚገባ ሌባ የትም አገር አልሰረቀም እንደማለት ነው። ፊንስፓይን የሠራው የጀርመን ኩባንያ ቡድን በ2022 እ.ኤ.አ. ከስሮ ተዘጋ፤ የዚህ ዓይነቱ ንግድ ግን ከእርሱ ጋር አልተዘጋም።

ሲቲዝን ላብ በታኅሣሥ 2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሌላ ጥናት በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን የአዶቤ ፍላሽ ማሻሻያ በሚመስል ፕሮግራም ለስለላ ዒላማ መደረጋቸውን ገለጸ። ፕሮግራሙ የአንድ የእስራኤል ኩባንያ ምርት እንደሆነም ጥናቱ አመለከተ። ይህ ዘዴ በተለይ ተንኮለኛ ነው፤ ባለሙያዎች «ሶፍትዌራችሁን አድሱ» እያልን የምንሰጠውን ምክር ራሱን ወጥመድ አድርጎታልና።

በቤት ኮምፒውተርና በስልክ ላይ

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንባቢ ምን ያድርግ? ማሻሻያ መውሰድ ያለበት ከራሱ ከፕሮግራሙ ምናሌ ወይም ከዊንዶውስ ማሻሻያ ገጽ ነው እንጂ በኢሜይል ከመጣ ወይም በቪዲዮ መሐል ብቅ ካለ ማስፈንጠሪያ አይደለም። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል፤ ማሻሻያ በማያገኝ ኮምፒውተር ላይ ምርጡ አንቲቫይረስም ቢሆን ቀዳዳውን አይደፍነውም። ቁልፉ ተሰብሮ የተሠራጨ «ነጻ» አንቲቫይረስ ደግሞ ዘበኛን ከሌቦች ሠፈር እንደ መቅጠር ስለሆነ ከዊንዶውስ ጋር በነጻ የሚመጣው ይሻላል። ለዕለት ሥራ የአስተዳዳሪ ሥልጣን የሌለው አካውንት መክፈት ብዙ ሰው የሚንቀው፣ እኛ ግን ከሁሉ አብልጠን የምንመክረው ጥንቃቄ ነው፤ በስሕተት የተከፈተ ፕሮግራም የሚኖረው ሥልጣን የከፈተውን ሰው ሥልጣን ያህል ነውና።

ስካይፕ ራሱ በግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል። ዋትስአፕ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጥሪዎችን ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው ይመሰጥራል፤ ጫፎቹን ግን እንደ ማንኛውም ፕሮግራም ሊጠብቃቸው አይችልም። የሚያውቁት ሰው ያልጠበቁትን ሰነድ ሲልክ በሌላ መንገድ፣ ለምሳሌ በተራ ስልክ ደውሎ፣ «ይህን አንተ ነህ የላክኸው? ከየትስ አገኘኸው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። የአቶ ኪዳኔም ሰነድ ከላይኛው ሐይቅ የወረደ ነበር።

በስልክ ላይ ፊንስፓይን ያህል ውድ መሣሪያ እንኳ አያስፈልግም። የቴሌግራም ወይም የዋትስአፕ አካውንት በሌላ መሣሪያ ለመክፈት በአጭር መልእክት የሚመጣው የቁጥር ኮድ ይበቃል። አጭበርባሪዎች አስቀድመው የአንዱን ዘመድ አካውንት ይይዙና በእርሱ ስም «በስሕተት ወዳንቺ ስልክ ኮድ ልኬ ነበር፣ ንገሪኝ» ብለው ይጽፋሉ። ኮዱን የሰጠ ሰው ፋየርወሉንም አንቲቫይረሱንም በገዛ እጁ አሳልፎ ሰጠ። አካውንቱ በስንት መሣሪያ ላይ እንደተከፈተ በቴሌግራም ሆነ በዋትስአፕ ማስተካከያ ገጽ ውስጥ መሣሪያዎች በሚለው ስር ይታያል። የማይታወቅ ስልክ ወይም ኮምፒውተር እዚያ ከተገኘ ከዝርዝሩ ማስወጣት፣ ቀጥሎም ከኮዱ ሌላ ተጨማሪ የይለፍ ቃል ማዘጋጀት ይቻላል። ሥራው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ለእረፍት ወደ ቤተሰቡ የሚሄድ ተማሪ የእናቱን ስልክ ተቀብሎ ሊያደርግላት ይችላል።